ቀዩ ክላሰር

በወይዘሮ ጥላነሽ ቤት አንድ ዕቃ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። «እኔ ጋ ነው» ይላሉ፤ እጃቸውም መቀነታቸው ላይ ወደተቋጠረው ቁልፍ ይሄዳል። ስኳሩ እሳቸው ጋ ነው፤ መርፌው እሳቸው ጋ ነው፤ የልጃቸው የውበቱ ዲግሪ ሳይቀር እሳቸው ጋ ነው። ባላቸው አቶ አገኘሁ ከሞቱ ወዲህ ሴትዮዋ ያልያዙት ነገር ቢኖር እንቅልፍ ብቻ ነው።

ሃኒ እዚህ ቤት በምራትነት የገባችው ባለፈው ጥር ነበር። ባሏ ውበቱ ደብረ ኤልያስ ስለሚያስተምር የሚመጣው ለቅዳሜና እሁድ ነው። እሷ ደግሞ አማኑኤል ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት ስታባዛና ስታሰናዳ ስለምትውል ለወረቀት የተለየ ፍቅር አላት፤ ወረቀት ስትደረድር ታንጎራጉራለች። የአማቷን ቤት ወረቀት መጀመሪያ ያየች ዕለት እጇን በልቷት ነበር። ከፍራሹ ሥር ወረቀት፣ ከጣሪያው ማገር መሃል ወረቀት፣ ከእህል ጎታው ጀርባ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ወረቀት። ወይዘሮ ጥላነሽ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት መጣል ይፈራሉ፤ ማኅተም የሌለበትንም ምናልባት አንድ ቀን ማኅተም ያርፍበት እንደሆነ ብለው ያስቀምጣሉ።

በዚያ ሰሞን ግን ቤቱ ውስጥ የሚወራው ስለ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። የሟቹ ታላቅ ወንድም አቶ ባዘዘው «ዋንዛው ሥር ያለው ማሳ የኔ ድርሻ ነው» ብለው ከተነሡ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በአንድ መንገድ እየሄዱ ሰላምታ አቁመዋል። የወይዘሮ ጥላነሽ ጤፍ የሚበቅለው እዚያ ማሳ ላይ ነው፤ እሱ ከሄደ የሚቀራቸው ላም እንኳ በቅጡ የማትቆምበት ተዳፋት ነው። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ነገሩን የሚቆርጠው በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ እዚያው ማሳው ላይ ነው። በበዓል ሞፈር ስለማይያዝ ሰው ሁሉ ይገኛል ተብሎ ነው ቀኑ የተመረጠው። የቀበሌው መዝገብ ዝናብ ገብቶበት ከተበላሸ ወዲህ የዚያ ማሳ ማስረጃ የአቶ አገኘሁና የወይዘሮ ጥላነሽ ፎቶ የተለጠፈበት፣ አዋሳኙ በአራቱም አቅጣጫ የተጻፈበት አረንጓዴው የመሬት ደብተር ብቻ ነው። ይዞ የቀረበ ይረታል፤ ያልያዘ ደግሞ አፉን ይዞ ይመለሳል።

«ደብተሩ አለ አይደል እማማ?» ብላ ጠይቃ ነበር ሃኒ።

«እኔ ጋ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ።

የት እንደሆነ አልነገሯትም። እሷም ገና የአምስት ወር ምራት ናትና ደግማ አልጠየቀችም።

በዋዜማው ጠዋት ወይዘሮ ጥላነሽ ለልቅሶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። ሃኒ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ስለነበር ቤቱ ለብቻዋ ሆነላት። አማቷ ያለፉትን ሳምንታት በጭንቀት አልቀዋል፤ ሲመለሱ ቤታቸውን አምሮ ቢያገኙት ትንሽ ይስቁ ይሆናል ብላ አሰበች። ሐሳቧ ቅን ነበር። በቅን ሐሳብ የሚጠፋ ጥፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚያጠፋው ሰው እየዘፈነ ነውና።

ሰሌኑን ግቢው ውስጥ ዘረጋች፤ ከረጢቱን ሁሉ አምጥታ ገለበጠች፤ ስልኳ ላይ ዘፈን ከፈተች። ከዚያም ወረቀቱን በሦስት ክምር ትለየው ጀመር፤ የሚኖር፣ የሚሄድ፣ የሚያስቅ። እያንዳንዱን ብድግ እያደረገች «አንተ ማነህ? ሥራህ ምንድን ነው?» ትለዋለች። ሥራ ያለው ይኖራል፤ ሥራ የሌለው ይሄዳል። ከታረደች ዘመን ያለፋት ላም የክትባት ካርድ ወጣ፤ ወደሚያስቅ። ከተፋቱ ሰዎች የመጣ የሠርግ ጥሪ ወጣ፤ ወደሚያስቅ። ውበቱ አራተኛ ክፍል ሳለ በሒሳብ ከአሥር ሦስት ያገኘበት ፈተና በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ። መምህሩ «ወላጅ ይምጣ» ብሎ ማኅተም አሳርፎበት ነበርና እናት ትልቅ ሽልማት መስሏቸው ኖሯል ያስቀመጡት። ሃኒ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ፎቶ አንሥታም ለባሏ ላከችለት።

ከመሥሪያ ቤቷ ያመጣቻቸውን ክላሰሮች ደረደረች። ሰማያዊው የጤና ነው፤ ቢጫው የትምህርት፤ ጥቁሩ የዕድርና የማኅበር። በቀዩ ላይ ባማረ የእጅ ጽሑፏ «መሬት» ብላ ጻፈችበትና ባዶውን አስቀመጠችው። ውስጡ የሚገባውን እማማ ራሳቸው ያስገቡታል ብላ ፈገግ አለች።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ምንም አልነበረም። እሷ ግን ሥራው ጣፍጧት ነበርና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሣች። ከአልጋው በላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፤ የመልአኩ ሰይፍ ደብዝዞ በጭንቅ ነው የሚታይ። ውበቱ ለፋሲካ የገዛው አዲስ ሥዕል ደግሞ እስካሁን እንደታሸገ ተቀምጧል። ነገ በዓሉ አይደለም እንዴ? አሮጌውን አውርዳ አዲሱን ሰቀለች። ያረጀ ሥዕል እንደ ሌላ ወረቀት እንደማይጣል ታውቃለች፤ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው የሚገባው። ተሳለመችውና በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ጠቀለለችው።

ልክ በዚያን ጊዜ አቶ ባዘዘው ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ በአጥሩ ላይ አየቻቸው። ልቧ ትንሽ አመነታ። ግን ሥዕል አድርስልኝ ሲባል እንቢ የሚል ክርስቲያን የለም፤ ደግሞ ማን ያውቃል፣ መልአኩ መሃላቸው ይገባ ይሆናል። ሮጠች።

«ጋሼ ባዘዘው! ወደ ሚካኤል ከሆነ ይህችን አሮጌ ሥዕል ለቄሰ ገበዙ ያድርሱልኝ።»

ሽማግሌው የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ብዙ አዩት።

«ጥላነሽ ታውቃለች?» አሉ።

«ሲመጡ ደስ ይላቸዋል!»

ሽማግሌው ተሳለሙት፣ በብብታቸው ያዙት፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሃኒም የሰላም መልእክተኛ የሆነች መስሏት እየዘለለች ተመለሰች።

ወይዘሮ ጥላነሽ የደረሱት ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ሲጠቁር ነበር። በሩ ላይ ቆመው ቤቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ሃኒ እጃቸውን ይዛ አስጎበኘቻቸው፤ የላሟን ካርድ ስታሳያቸው ሳቁ፤ «ወላጅ ይምጣ» የሚለውን ስታነብላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሃኒ እሳቸውን እንዲህ ሲስቁ አይታ አታውቅም፤ ደስታው አንጀቷ ድረስ ዘለቀ። በመጨረሻ ቀዩን ክላሰር አቀበለቻቸው።

«ይህ ብቻ ነው ባዶ የቀረ። የመሬቱን ደብተር እርስዎ ያስገቡት ብዬ ነው።»

«እኔ ጋ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ እየሳቁ። ዓይናቸው ግን ከአልጋው በላይ ወዳለው ግድግዳ ሄደ። ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሥዕሉስ?»

«አዲሱን ሰቀልኩት እማማ። አሮጌው...»

«አሮጌው የት ነው ልጄ?»

ወይዘሮ ጥላነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ደብተሩን ከሥዕሉ ጀርባ፣ ከካርቶኑ ሥር አስገብተው በምስማር ያስመቱት ባላቸው በሞቱ ማግሥት ነው። ሌባ ሣጥን ይሰብራል፣ ፍራሽ ይገለብጣል፤ በሚካኤል ላይ ግን ማንም እጁን አያነሣም ብለው። እውነትም እስከ ዛሬ ማንም እጁን አላነሣም ነበር።

«ለቤተ ክርስቲያን ልኬዋለሁ» አለች ሃኒ። «አሁን ሮጬ አመጣዋለሁ።»

«በማን ላክሽው?»

ይህን ለመመለስ የወሰደባት ጊዜ ለወይዘሮ ጥላነሽ በቂ መልስ ነበር።

«በጋሼ ባዘዘው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አመሳቅለው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙና ብድግ አሉ፤ ያለ ጃንጥላ ወደ ዝናቡ ወጡ። ሃኒ ከኋላቸው ተከተለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቄሰ ገበዝ ፍሥሐ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በር ላይ ነበሩ። «ባዘዘው?» አሉ ግራ ተጋብተው። «ዛሬ እዚህ አልደረሰም። ዋዜማው ላይም አላየሁት። ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው አባ» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ፤ መስቀል ተሳልመውም ወጡ። ከደጀ ሰላሙ እንደራቁ ግን የአጥሩን ድንጋይ ተደገፉ።

«ከፍቶታል» አሉ። «ባይከፍተውማ ያደርሰው ነበር።»

«እሄዳለሁ እማማ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔ ነኝ የማመጣው።»

ወይዘሮ ጥላነሽ ያን ደጅ ካልረገጡ ቆይተዋል፤ ዛሬ ቢሄዱ ደግሞ መምጣታቸው ብቻ ነገሩን ያጋልጠዋል። የሃኒን ክንድ ጨምድደው ያዙ። «ስሚኝ። ምናልባት አልከፈተው ይሆናል። ለበዓሉ ሥዕሉን ፈለግነው በይ። ስለ ደብተሩ ቃል እንዳይወጣሽ። በሞቴ፣ ቃል እንዳይወጣሽ!»

«አይወጣኝም» አለች ሃኒ።

የአቶ ባዘዘው ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ሃኒ ስትደርስ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ወጥቶ ነበር። የሽማግሌው ባለቤት እትዬ ማሬ በሩን ከፈቱላት፤ ፊታቸው ላይ ከመገረም ሌላ ምንም አይነበብም። ገባችና ቀና አለች። ሥዕሉ ምድጃው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አቧራው ተጠርጓል፤ ከላዩ ነጭ መጋረጃ ወርዶለታል። ከጀርባው ያለው ካርቶን ግን እንደ ወትሮው በምስማሩ እንዳለ ከጎን ይታያል። አልተከፈተም!

«ግቢ ልጄ» አሉ አቶ ባዘዘው ከመደቡ ላይ። «ለምን እንዳላደረስኩት ልትጠይቂኝ ነው። ልነግርሽ፣ አቃተኝ። ይህን ሥዕል እኔና አገኘሁ ነን የገዛነው። ወጣት ሳለን ባሕር ዛፍ ተሸክመን ደብረ ማርቆስ ድረስ ወርደን፣ ሸጠን ባገኘነው። መንገድ ላይ ገልጬ ሳየው እግሬ ወደ ቤቴ መለሰኝ።»

ሃኒ ያዘጋጀችውን አለች። «እማማ ለበዓሉ ፈልገውት ነው። ይዘሽው ነይ ብለውኝ ነው።»

«እሷ ከፈለገችው የሷ ነው። ነገ ከኮሚቴው ስንመለስ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ። ዛሬን ብቻ ይደርልኝ።»

ከኮሚቴው ስንመለስ! ሃኒ ሌላ ውሸት ልትፈልግ ዓይኗን አነሣች፤ ዓይኗ ያረፈው ግን ሥዕሉ ላይ ነበር። ጠዋት የተሳለመችው ሥዕል ነው። በሱ ፊት አንድ ጊዜ ዋሽታለች፤ ሁለተኛው ከአፏ አልወጣ አለ። የአማቷ «በሞቴ» ጆሮዋ ላይ ይጮኻል፤ ዝም ብላ ብትወጣ ነገ ማሳው ይሄዳል፤ ብትናገር ዛሬውኑ ይሄድ ይሆናል። ሁለቱም መንገድ ገደል ነው። እንባዋ ቀደማት።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ከጀርባው የመሬቱ ደብተር አለ።»

የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። እትዬ ማሬ ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ሃኒ እየሰማች፣ «ባዘዘው፣ በእግሩ እኮ ነው የመጣልህ። ማንም ሳይጠራው» አሉ።

አቶ ባዘዘው ተነሥተው ሥዕሉን አወረዱ፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በፊቱ ጉልበታቸው ላይ ደፉት፤ ቢላዋቸውንም አወጡ። ምስማሮቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። ከካርቶኑ ሥር በፌስታል የተጠቀለለው አረንጓዴ ደብተር ወጣ። እሳቱ ከእጃቸው አንድ ክንድ አይርቅም። እዘላለሁ፣ እነጥቃቸዋለሁ ብላ አሰበች።

ሽማግሌው ደብተሩን ገለጡ። ፎቶው ላይ አገኘሁ ቀጥ ብሎ፣ ወይዘሮ ጥላነሽ በጎኑ ሆነው ይታያሉ። አቶ ባዘዘው ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ጣታቸው የወንድማቸው ትከሻ ላይ ቆመ።

«ኮቱ የኔ ነው» አሉ።

እትዬ ማሬ ሊያዩት ጠጋ አሉ።

«ፎቶ አንሺው የመጣ ቀን፣ ‹ወንድም ዓለም፣ ኮት የለኝም› አለኝ። ከላዬ አውልቄ ሰጠሁት። እኔ በሸሚዝ ነው የተነሣሁ። የኔ ደብተር ላይ በሸሚዝ ነኝ።» ገጹን ገልብጠው አዋሳኙን በዝግታ አነበቡት። ከዚያ ደብተሩን ዘጉ፣ በፌስታሉ መልሰው ጠቀለሉ፣ ለሃኒ ዘረጉላት።

«ውሰጂ። ነገ ማሳው ላይ እንገናኛለን።»

ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም። ይቅርታም ቢሆን ዛቻም ቢሆን ሃኒ ልትለየው አልቻለችም። ደብተሩን ከሹራቧ ሥር ከትታ ወጣች።

ወይዘሮ ጥላነሽ የግቢያቸው በር ላይ በዝናብ ርሰው ቆመው ነበር። ደብተሩን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

«ሳያየው አመጣሽው?»

«ነግሬያቸው ነው የሰጡኝ እማማ። በሞቴ ብለውኝ ነበር፤ አልቻልኩም።»

ወይዘሮ ጥላነሽ ደረታቸውን መቱ። «ከገዛ እጁ? አንብቦ?»

«አንብበው። ሥዕሉ ግን ይደርልኝ ብለዋል።»

«ይደር» አሉ ሴትዮዋ። «ግማሹ የሱ ነው።» ወደ ቤት ሲገቡ ሃኒን ሳያይዋት፣ «ከሱ የደበቅኩ መስሎኝ ካንቺ ነው የደበቅኩት። ነግሬሽ ቢሆን መች ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር» አሉ። ደብተሩን ግን ያን ምሽት ከእጃቸው አልለቀቁም፤ ቀዩ ክላሰርም ባዶውን አደረ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። መሬቱ ረጥቦ፣ ለእርሻ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገዳሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «ከሳሽ ይቅደም» አሉ። አቶ ባዘዘው በዱላቸው ተደግፈው ወደ መሃል ወጡ። እትዬ ማሬ ከሴቶቹ መሃል ሆነው አንገታቸውን አቀረቀሩ። ሃኒ ክላሰሩን አጥብቃ ያዘች፤ ሰውዬው ትናንት ያነበቡትን ዛሬ በምን ሊያፈርሱት ይሆን?

«ድንበሩ ዋንዛው ነው» አሉ አቶ ባዘዘው። «ከታች ያለው የወንድሜ ነው። ደብተሩን አይቼዋለሁ። ክሴን ትቻለሁ።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። ወይዘሮ ጥላነሽ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አቶ ገዳሙ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙ።

«መልካም። ቢሆንም ታይቶ ይጻፍ። ደብተሩ የት ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ ጥላነሽ ዞረ። እጃቸው እንደለመደው ወደ መቀነታቸው ሄደ። መንገድ ላይ ግን ቆመ፤ ከነጠላቸው ሥር ገባና ደብተሩን ይዞ ወጣ። በሰው ሁሉ ፊት ለሃኒ አቀበሏት። ሃኒም በብብቷ ይዛው የመጣችውን ቀይ ክላሰር ከፍታ አስገባችው።

«የት ነው ያሉት?» አሉ አቶ ገዳሙ፣ ከዋንዛው ማዶ በደንብ ስላልታያቸው።

«ምራቴ ጋ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ።